ስሙን የጠራችለት አዟሪ

ሸክላ ማጫወቻ ገና ብርቅ ሳለ፣ ለንደን ውስጥ ኸርበርት ፕሊመር የሚባል ጫማ ሻጭ ማታ ማታ ዘፈን ይደርስ ነበር። ስለ አንዲት ዓሣ ነጋዴ የደረሰውን አንድ አሳታሚ ገዝቶት ከተማው ሁሉ አዜመው። በወረቀት ታትሞ በሚሸጠው የዘፈኑ ኖታ ሽፋን ላይ ግን እንደ ደንቡ የምትታየው ዘፋኟ ናት፤ ባለላባ ባርኔጣዋን ደፍታ በቀለም ትስቃለች። የኸርበርት ስም የትም የለም። እናቱ እንኳ "እውነት አንተ ነህ የደረስከው? እስቲ ማል!" ትለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማቲልዳ የምትባል አዟሪ ያንኑ ዘፈን መንገድ ዳር በርካሽ ስትቸበችብ አገኛት። ኖታው ያለ ፈቃድ በስርቆት የታተመ ነው። አታሚዎቹ ለሥዕል የሚያወጡት ስላልነበራቸው ባዶውን ሽፋን በደራሲው ስም ሞልተውታል። ማቲልዳም "የኸርበርት ፕሊመር ዘፈን!" እያለች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች።

እሱ ቆሞ ሲሰማ የአሳታሚው ሰዎች ደርሰው ቅርጫቷን ገለበጡት።

"ተዉአት!" አለ ኸርበርት።

"አንተን ደግሞ ምን ጥልቅ አደረገህ? ዘፈኑ የኛ ነው!"

ወረቀቱን ጠራርገው ወሰዱት። ኸርበርት ጭቃ ውስጥ የቀረችውን አንዷን አንስቶ በእጅጌው ጠረገና ባርኔጣውን አወለቀላት።

"እግዜር ይስጥልኝ። ይቺን ለእናቴ አሳያታለሁ። ፕሊመር እኔ ነኝ።"

"እንዴ!" አለች ማቲልዳ፤ "እኔ እኮ ፕሊመር የሞተ ሰው መስሎኝ ነበር!"

"እስከ ዛሬ ጠዋትማ አልተሳሳትሽም።"