የቀበርነው ዱቄት

ኮረብታዋ በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። እኛ በአገራችን ገበያ ስም ጃጁራ ብለን ጠራናት፤ ረፋድ ላይ ተኩሱ ጋብ ሲል ሲጋራ በብስኩት፣ ካልሲ በሳሙና የምንለዋወጥባት ገበያችን ነበረችና። ወደ ኮረብታዋ የመውጣት ትእዛዝ የደረሰን በክረምት መግቢያ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ስንወጣ የአንድ ቲም አስራ አንድ ሰዎች ነበርን። ሃምሳ አለቃችን የጎጃም ሰው ሲሆን የቀረነው የሀዲያ፣ የከምባታና የሆሳዕና ከተማ ልጆች ነበርን።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በእህቴ ልጆች ምክንያት ነው። ባለፈው ወር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሆሳዕና አጠገብ ሌሞ፣ እኔ ቤት ተሰብስበው በሩቅ አገር ስላለ ጦርነት ሲከራከሩ ዋሉ። አንዱ የውጭ ርዳታው ከተቋረጠ ጦርነቱ በሦስት ወር ያበቃል ይላል፤ እህቱ ደግሞ ርዳታ ሲቋረጥ ሰው ይበልጥ እልህ ይይዘዋል እንጂ አይቆምም ትላለች። ሁለቱም ስልካቸውን እያወጡ ማስረጃ ያሳያሉ። በመጨረሻ ወንድሟ ብሩክ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ አንተ ወታደር ነበርክ፤ ማን ነው ትክክል?» አለኝ። ይህን ክርክር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ አልኩት።

የዚያን ጊዜዎቹ ተከራካሪዎች ላቲሶና ሸምሱ ይባላሉ። ላቲሶ የሺንሺቾ ልጅ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት አንደኛ ደረጃ ያስተምር ነበር፤ ምሽግ ውስጥም ሲናገር ጣቱን ያነሳል። የቲሙን ስንቅ የሚይዘው እሱ ነበር። ሸምሱ ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ፣ ከጉራጌ የመጡ ወላጆቹ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሳቁ ከመሣሪያው ቀድሞ የሚሰማ ልጅ ነው። ከሁለቱ ማንን አብልጬ እንደምወድ ዛሬም ብትጠይቁኝ አልመልስም።

ክርክሩን ያስነሳው ጆንያ ነው። የመጣልን የስንዴ ዱቄት ጆንያ በላዩ ላይ የባዕድ ጽሑፍ ነበረው። ተገዝቶ ይሁን ተለግሶ ማናችንም አናውቅም።

«ይሄ የሰው እጅ ነው» አለ ላቲሶ። «የሰው እጅ ደግሞ አንድ ቀን ይታጠፋል። ሬዲዮው ምን እንዳለ አልሰማህም? ጦርነቱን ካላቆማችሁ ርዳታውን እናቋርጣለን እያሉ ነው።»

«ይላሉ!» አለ ሸምሱ። «ነጋዴም ሲከፋው ሱቄን እዘጋለሁ ይላል። እዚያ አገርም እኮ ገበሬ አለ። ስንዴው ካልተነሳለት ምን ሊያደርገው ነው? ሰጪም ለራሱ ብሎ ነው የሚሰጠው።»

«እሺ ይስጥ። ጦርነቱስ? ሲረዝም አሸናፊ አይኖረውም። ሁለቱም ሲደክማቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ መስመሩም ድሮ ወደ ነበረበት ይመለሳል።»

«የለም፣ ስንቅ ያለው ያሸንፋል። አንተ ተማሪ ቅጣ፤ ይሄን ለእኔ ተው።»

እንዲህ ሲሉ ይውሉ ነበር። እኔ ወደ ኋለኛው ተናጋሪ የማዘነብል ሰው ስለሆንኩ በቀን አራት ጊዜ ሐሳቤን እለውጥ ነበር። ሃምሳ አለቃ ሲሰለቸው «ጎበዝ፣ ጠላት እኮ ማዶ ነው!» ይለናል።

ክረምቱ ሲጠና ዝናቡ ምሽጋችን ውስጥ ገባ። አይጡ ደግሞ ጆንያውን ቀደደው። ላቲሶ እንቅልፍ አጣ። ርዳታው ይቋረጣል ብሎ አምኗል፤ ያለችው ዱቄት ደግሞ ዓይኑ እያየ ልታልቅ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጣቱን አነሳ። «እናቶቻችን ቆጮን መሬት ቀብረው ዓመታት ያቆዩታል። አይጥ አይነካው፣ ዝናብ አይነካው። ይሄንንስ ለምን አቡክተን አንቀብረውም?»

ሳቅን፤ ግን ሐሳቡ ገባን። የቆጮ አገር ልጆች አይደለን? እንሰት መፋቅና መቅበር በአገራችን የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ በዚያ አካባቢ ዝር አይልም። እኛ ሁላችን ስንበላው አደግን እንጂ አንዳችንም ሲቀበር አላየንም። ይህን ግን ማን ይመን! አሥራችንም ሊቅ ሆንን። አንዱ በእግር ይረገጣል አለ። ሌላው እግር ከነካው ይበላሻል አለ። እኔ ራሴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከላዩ አሥራ ሁለት ድንጋይ ያስፈልገዋል ብዬ ተናገርኩ፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ክርክሩን የዘጋው ሸምሱ ነው። «እናቴ ጓሮ ስትሠራ አውቃለሁ። በደንብ ይቦካል፣ ይረገጣል፣ አየር እንዳይገባው ይሸፈናል። በቃ!» አለ። በዚያች ቀን ብቻ ከላቲሶ ጋር ተስማማ።

ከቀሩን አምስት ጆንያ ሦስቱን በዝናብ ውሃ አቡክተን፣ በላስቲክና በቅጠል ጠቅልለን ቀበርነው። ሃምሳ አለቃ ቆጮ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «እናንተ ካላችሁ» ብሎ አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ሽታው ከእኛ አልፎ የጎረቤት ቲም ደረሰ። ቆፍረን ስናወጣው ጠቁሯል፤ ትል ይርመሰመስበታል። ሃምሳ አለቃ አፍንጫውን ይዞ «ምን ቀበራችሁ? ሬሳ ነው?» አለ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ላቲሶ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ የስንቅ መንገዱ በመድፍ ተዘጋ። ርዳታውን ያቋረጠ የለም፤ የተቋረጠው ከኮረብታዋ ሥር ያለችው አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ናት። በቀሩት ሁለት ጆንያዎች ቂጣ በጥይት ሳጥን ክዳን ላይ እየጋገርን አሥር ቀን ቆየን። ከዚያ ሦስት ቀን ባዶ ሆዳችንን ተዋጋን። ጠላት በየጠዋቱ ይሞክረናል። እንመልሰዋለን። ጥይት ነበረን፤ ጉልበት አልነበረንም።

በአራተኛው ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሃምሳ አለቃ ወደ ሻምበሉ መጋዘን የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ጠየቀ። ላቲሶ ተነሳ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሸምሱም ተነሳ። «እሱን ብቻውን ከላካችሁትማ ስንዴውን ሁሉ እዚያው ቀብሮት ይመጣል።»

በጉም ተሸፍነው ወረዱ። ሦስት ሰዓት ላይ ጉሙ ተገለጠ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ጆንያ ተሸክመው የኮረብታዋ ወገብ ላይ ደርሰው ነበር። ሞርታር ሦስት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ሸምሱ ወደቀ። ላቲሶ ጆንያውን ጥሎ ጓደኛውን ተሸከመ። የሽፋን ተኩስ ሰጠን። ምሽግ ሲደርሱ ሸምሱ ገና ይተነፍስ ነበር። «መጋዘኑ ሙሉ ነው» አለ ለላቲሶ። «አላልኩህም?» ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ላቲሶ ተመልሶ ወርዶ ሁለቱንም ጆንያ አመጣ። ማንም አላዘዘውም። ያን ቀን ቂጣ በላን። ርቦን ስለነበር ጣፈጠን፤ ይህን ስጽፍም ያሳፍረኛል። አሥር ሰዓት ላይ ጠላት በኃይል መጣ። ሃምሳ አለቃንና ሦስት ልጆች ገደለብን። ኮረብታዋን አልለቀቅንም።

ጦርነቱ ላቲሶ እንዳለው አለቀ፤ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፣ መስመሩም ከድሮው ብዙ አልራቀም። ስንዴውም ሸምሱ እንዳለው መምጣቱን አላቆመም። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ማን ያሸንፋል ብለን ስንከራከር ያ ጆንያ በማን ጀርባ ኮረብታ እንደሚወጣ ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።

የሸምሱ እናት እማማ ዘይነባ የተነገራቸው «ግዳጅ ላይ ተሰዋ» የሚል ብቻ ነው። ላቲሶ እውነቱን ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ ከሺንሺቾ መጥቶ ከሆሳዕና መናኸሪያ ተመልሷል። ትዳር ያዘ፣ ልጆች ዳረ፣ ጡረታ ወጣ፤ ያ ነገር ግን ደረቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የእህቴ ልጆች ከተከራከሩ በኋላ ስልክ ደወልኩለት። «እሳቸውም እኔም ሳንሞት ብነግራቸው ይሻላል» አለኝ። አብረን ሄድን።

እማማ ዘይነባን፣ ሱቁን ለልጅ ልጆቻቸው ትተው ጓሮ፣ እንሰታቸው ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ላቲሶ እግራቸው ሥር በርከክ አለ።

«እማማ፣ ሸምሱ የሞተው በእኔ ጥፋት ነው» አለ። ዱቄቱን፣ ጉድጓዱን፣ ረሃቡን፣ መንገዱን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

«ስንዴ ቀበራችሁ?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«በውሃ አቡክታችሁ?»

«አዎ።»

ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኛም እያፈርን ሳቅን። «ኧረ እናንተ ልጆች! እንዲህ ይደረጋል ያላችሁ ማነው?»

ላቲሶ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱን ለሞተ ሰው ሊያካፍል አልፈለገም። እኔ ግን ውሸት ይበቃል ብዬ ተናገርኩ። «ሸምሱ ነው፣ እማማ። እናቴ ስትሠራ አውቃለሁ ብሎ።»

ሳቃቸው ቆመ።

«አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ስፍቅ ሊያይ ይመጣ ነበር፤ ትንሽ ሆኖ። ሂድ፣ የወንድ ቦታ አይደለም እያልኩ አባርረው ነበር።» የላቲሶን እጅ ያዙ። «አንተ አይደለህም፣ ልጄ። አንተ አይደለህም።» ላቲሶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሲረጋጉ «ስንት ሆናችሁ ተመለሳችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከአሥራ አንዳችን አምስት እዚያው ቀሩ፤ ከተመለስነው ስድስት አንዱ ኋላ በሕመም ሞተ አልናቸው። የአምስቱን ስም አንድ በአንድ አስጠሩንና ለእያንዳንዱ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው አዩን።

«የእነዚያን የአራቱን እናቶችስ ነገራችኋቸው?» አሉ።

አልነገርናቸውም። ሁለቱ ቤቶች እዚሁ ሌሞ ናቸው፤ በጋሪ ይደረሳል። አንዱ አንጋጫ ነው። የሃምሳ አለቃ ቤት ጎጃም ነው፤ አድራሻውን አጠያይቀን እዚያም እንሄዳለን። ላቲሶ ማክሰኞ በጠዋቱ መኪና ይመጣል።