የጎማ ጀልባ ይዘን በሽሎ የወረድን ጊዜ

ታች ጋይንት ተወልዶ ያደገ ሰው በሽሎን የሚያውቀው ከላይ ነው። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ያየዋል፣ በክረምት ድምፁን ይሰማል፤ ወርዶ የሚነካው ግን ጉዳይ ሲያስገድደው ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ኋላ ኑሮ ወደ ደቡብ ወሰደኝና ኦሞ ወንዝ ላይ ስድስት ዓመት የጎማ ጀልባ ቀዘፍኩ። እንግዶችን አሳፍሮ ውኃው እየፈላ በሚወርድባቸው ቋጥኞች መካከል ማሳለፍ እንጀራዬ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን የአገሬን ወንዝ መቼ ነው የምቀዝፈው እያልኩ አስብ ነበር።

ጊዜው የደረሰ የመሰለኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥቅምት ሲጠባ ነው። ዝናቡ ቀንሷል፣ ወንዙ ግን ገና አልጎደለም። ኦሞ ላይ አብሮኝ የሚቀዝፍ የአርባ ምንጭ ጓደኛዬ መጣልኝ። ሁለት እንግዶችም ነበሩን፤ ከአዲስ አበባ የመጡ እኅትና ወንድም። እሷ መሐንዲስ ናት፣ እሱ አስተማሪ። ሁለቱም ከዚህ በፊት ከእኛ ጋር ቀዝፈዋል። ያላቸው የዕረፍት ፈቃድ ዐሥር ቀን ብቻ ነበር። ከአርብ ገበያ ወርደን በሽሎ ላይ ልንነሣ፣ በስማዳ ግርጌ አልፈን ዓባይ ልንገባ አሰብን።

ሦስቱ ቀን አርብ ገበያ ላይ ቀለጠ።

"ይኼ የሚለው ጉብኝት ነው። ወንዝ አይልም" አለኝ የወረዳው ቢሮ ኃላፊ ከአዲስ አበባ ያመጣነውን የፈቃድ ደብዳቤ ገልበጥ አድርጎ።

"ጉብኝቱ እኮ ወንዝ ላይ ነው።"

"እሱን ደብዳቤው ይበለዋ!"

ደብዳቤው እንዲለው አዲስ አበባ ልንደውል ብንል ኔትወርክ የለም። ኔትወርኩ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ያንኑ የቀድሞውን ደብዳቤ ተቀበለኝና ሳያነበው ማኅተም መታበት። ከቢሮው ስወጣ እንግዶቼ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማኅተሙን ሳሳያቸው ተነሥተው ሻንጣቸውን አነገቱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀልባውን የጫንንባት አህያ ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሯን ተክላ ቀረች። ቢገፏት፣ ቢለምኗት ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጀልባውን ጠቅልለን፣ በሸራ ሸፍነን፣ በሁለት ረጃጅም እንጨት ላይ አስረን ስምንት ገበሬዎች ተሸከሙልን። ታዲያ መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ጋቢውን ከራሱ እያወረደ ዳር ይይዛል። አንዲት እናት ቀረብ ብለው፣ "ማን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ጀልባ ነው እናቴ።"

"ነፍሱን ይማረው" አሉ ደረታቸውን እየመቱ።

ጓደኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። እኔ ግን የፀሐዩን ማዘቅዘቅ እያየሁ ጥርሴን አፋጨሁ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ደግሞ ጀልባውን በእግር እየረገጥን የምንነፋበት የመንፊያው ቱቦ ተሰንጥቆ አገኘነው። በላስቲክ ጠፍረን አሰርነው፤ ቢሆንም አየሩ ግማሹ ወደ ጀልባው ግማሹ ወደ ሜዳ ሆነ። እየተፈራረቅን ስንረግጥ አመሸን።

ጠዋት መቅዘፊያችንን ይዘን ልንነሣ ስንል ከማዶ ጩኸት ሰማን። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በወሎ በኩል ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። የጋይንት ሰዎች ናቸው። ለተዝካር ተሻግረው ሄደው ኖሮ፣ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲሞላ አራት ቀን እዚያው ቀርተዋል። ሰውን የተነፋ ስልቻ እያስያዘ የሚያሻግረው ዋናተኛ በእኛ በኩል ተቀምጧል። "ዛሬ አልገባበትም፤ ሰው ይወስድብኛል" አለን።

ከማዶ አንድ ሽማግሌ ቄስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ልጆቼ! ነገ ቅዳሴ አለብኝ!" ሲሉ ተሰማ።

"አንድ ጊዜ ብቻ" አልኳቸው እንግዶቼን።

አንዱ ሦስት፣ ሦስቱ ስምንት ሆነ። የመጀመሪያዎቹን አሻግረን ሳንጨርስ ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ኖሯል፤ በሁለቱም ዳር ሰው ይጎርፍ ጀመር። ገብስ የያዘ መጣ፣ በግ የያዘ መጣ፣ ልጇን አማች ቤት ልታይ የምትሄድ መጣች። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ከመካከላቸው የማውቀው ፊት አያለሁ። ቄሱ ከጀልባው ሲወርዱ፣ "እግዜር ይስጥህ፤ የማን ልጅ ነህ?" ብለው ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው ባረኩኝና እዚያው ቆመው ሌላውን ሰው ያሰልፉልኝ ጀመር።

እኩለ ቀን ሲያልፍ መሐንዲሷ መቅዘፊያዋን አሸዋው ላይ ወረወረችው።

"እኔ ታንኳ ነጂ ልሆን አይደለም የመጣሁት" አለች። "አራት ቀን ቀረን እንጂ አርባ ቀን አልቀረንም።"

እውነቷን ነው። ግን ምን ላድርግ? ተናደድኩባት፤ በሰዎቹም ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ይኼኔ ዋናተኛው አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ፊቱ ጠቁሯል።

"አንተ ነገ ትሄዳለህ" አለኝ። "እነዚህ ግን መምጣታቸው አይቀርም። 'ጀልባ የለህም ወይ?' ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ስልቻዬን ማን ይይዝልኛል?"

መልሴን ሳይጠብቅ ተነሥቶ ሄደ። ስንሸኝ እንኳ አላየሁትም።

በማግስቱ ወንዙ አንድ ክንድ ጎድሎ አደረ። ትናንት ውኃ የሸፈናቸው ድንጋዮች ጀርባቸውን አውጥተዋል። ተነሣንና ገና ከመጀመሪያው መታጠፊያ ሳንደርስ ጀልባው ጠጠር ላይ ተቀመጠ። ወርደን ጎተትነው። ጥቂት ሄድን፣ ደግሞ ተቀመጥን፣ ደግሞ ጎተትን። ረፋዱ ላይ ገደሎቹ ጠበቡና ውኃው ጠለቀ። ጀልባው እኛን ይዞ ከእጅ እንዳመለጠ ፈረስ ተወረወረ። የመሐንዲሷ ወንድም ጮኸ፤ የደስታ ጩኸት ነበር። እሷም ሳቀች። ጓደኛዬ ከኋላ፣ "ቅዘፉ! በግራ ቅዘፉ!" ይላል። የስድስት ዓመት ምኞቴ ይኼ ነበር።

ይህም የቆየው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። አየር ያነሰው ጀልባ በጎኑ ሲታጠፍ ታወቀኝ፤ በቀኝ በኩል የነበረው ቋጥኝ ተቀበለንና ውኃው ከላይ ተጫነን። ሁላችንም ወደቅን። ነፍስ አድን ጃኬቱ ታች ባለው ረጋ ያለ ውኃ ላይ አወጣን፤ ሰው አልተጎዳም። ጀልባው ግን ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ተቀዶ ነበር። የያዝነው ማጣበቂያ መዳፍ ለሚያህል ቀዳዳ እንጂ ለዚያ የሚሆን አልነበረም።

በስማዳ በኩል ዳገቱን ወጣን። የወረዳው ከተማ ወገዳ እስክንደርስ ሁለት ቀን ፈጀብን። ሁለተኛው ቀን ላይ መሐንዲሷ ከጎኔ እየሄደች፣ "ሰዎቹን በማሻገርህ አልተቆጣሁም" አለች።

"ታዲያ በምኑ?"

"ከጠዋቱ እንደማንሄድ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ 'አሁን እንነሣለን፣ አሁን እንነሣለን' አልከኝ።"

እኔም አምኜበት ነበር የምላት። ይህን ልነግራት ፈለግሁ፤ ዳገቱ ግን ትንፋሼን ወስዶት ስለነበር ከኋላዋ ተከተልኳት።