ጋሼ የከለከሉት ጥያቄ

አጎቴን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ባሕር ማዶ፣ ፍሪድሊ ከተማ ባለው ቤታቸው እንግዳ ልጅን «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነበር። እሳቸው ራሳቸው በሕፃንነታቸው አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ተጥለው ተገኝተው ነው አያቶቼ ያሳደጓቸው።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ፍሎረንስ ውስጥ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ለተጣሉ ሕፃናት የተሠራ ቤት ፎቶ አለ። ፊት ለፊቱ ባለ ቅስት ረጅም በረንዳ ነው። «የሠራው ሰው ብልህ ነው» ይሉ ነበር፤ «ማንኳኳት ለማይችል እንግዳ አስቀድሞ ጥላ ሠራለት።»

በአደራ የማሳድጋትን የስድስት ዓመት ልጅ መጀመሪያ ይዣት የሄድኩ ቀን አንድ እንግዳ ያንኑ ጠየቃት። ጋሼ ያነሱትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። «ይህን ጥያቄ ደጅ ትተህ ግባ» አሉት። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው «በላሽ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ በሄድን ቁጥር የሚጠይቋት ይህንን ብቻ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ፣ በጋሼ ለቅሶ ላይ፣ አንዲት ትልቅ ሴት የልጅቷን እጅ ይዘው «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። እንደ ጋሼ ለመቆጣት ድፍረት አጣሁ። ጋሼ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ የለቀስተኛ ካፖርት ተከምሯል። ልጅቷ ሴትዮዋን ትታ ወንበሩን ስታይ ቆየችና፣

«በልቻለሁ» አለች።