ሳይጠየቅ የተሞላ ቅጽ

በጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ነርስ ሰው ሁሉ «ማሽኗ» ይላታል። ስድብ አይደለም፤ እሷም ትወደዋለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ስልሳ ሕፃን ቢመጣባት ለምሳ ሰዓት ጨርሳ እጇን ትታጠባለች። ሕፃኑ ለማልቀስ አፉን ሳይከፍት መርፌው ወጥቷል፤ እናቱ «አመመው እንዴ?» ብላ ሳትጨርስ «ቀጣይ!» የሚለው ድምፅ ኮሪደር ደርሷል። እጇ የተባረከ ነው፣ ይህን ማንም አይነሳትም።

ጣጣው የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከአንድ ቅጽ ጋር ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ሁሉ የሚጠየቁት ዐሥር ጥያቄ ያለበት ቅጽ። ያለ ምክንያት ታለቅሻለሽ? እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? ልጅሽን ስታዪ ትፈሪያለሽ? ብዙ «አለ» ያለች እናት በእጇ ተይዛ ወደ አእምሮ ሐኪሙ ክፍል እንድትሄድ ነበር ሐሳቡ። ግን ሐኪሙ የሚመጣው ሐሙስ ብቻ፣ ክትባቱ ማክሰኞ ብቻ። አንዷን መጠየቅ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ የተጠየቀችው ማልቀስ ከጀመረች ደግሞ ሰልፉ በር አልፎ ግቢ ይወጣል።

ማሽኗ ዘዴ አላጣችም። ማክሰኞ ጠዋት እናቶቹ ሳይገቡ ስልሳውን ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ትደረድርና፣ ማስመሪያ አስደግፋ «የለም» በሚለው ረድፍ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ታሰምራለች። ትፈርምበታለች። የሚቀረው ስም ብቻ ነው። ባልደረባዋ አንድ ቀን አይታ «ኧረ ሲስተር፣ ነውር አይደለም?» ብትላት፣ «የሰው ሆድና የወፍ ወንድ አይታወቅም። ብጠይቃቸውስ እውነቱን ሊነግሩኝ ነው?» አለቻት። በዓመቱ መጨረሻ ጤና ጣቢያው አንዲት አራስ እንኳ ሳትጠየቅ ያላመለጠችው ተብሎ ተሸለመ። መድረክ ላይ ወጥታ የተቀበለችው እሷ ናት።

ታናሽ እህት አለቻት። እናታቸው ስትሞት እህቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማሽኗ አሳደገቻት፣ ልብስ ስፌት አስተማረቻት፣ ዳረቻት። ያቺ እህት በወለደች በሰባተኛው ሳምንት ሕፃኗን ታቅፋ ማክሰኞ ሰልፍ ገባች። እህቷ ናትና ጓሮ በር ብታንኳኳ ማን ይከለክላታል? እሷ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመች። ግድግዳው ላይ «እያንዳንዷን እናት እንጠይቃለን» የሚል ማስታወቂያ አይታ ነበር፤ እንደ ማንኛዋም እናት መጠየቅ ፈለገች። ቤቷ ውስጥ የጠየቃት የለም። ባሏ «ደግሞ ምን ጎደለሽ?» ይላል፤ አማቷም «እኛስ ስንቱን ወልደን መች ተኛን?» ትላለች።

ተራዋ ደረሰ፤ ሕፃኗ ተከተበች።

«እታለም፣ ጥያቄ አለ ተብሎ ነበር» አለች እህት፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጥላ።

«የምን ጥያቄ?»

«እናቶችን የምትጠይቁት። እስቲ ጠይቂኝ።»

«እሱማ ተሞልቶልሻል» አለች ማሽኗ፣ ስሟን እየጻፈች። «ደህና ነሽ። ምግብ ብቻ በደንብ ብዪ። ቀጣይ!»

«ደህና ነኝ?» አለች እህት። ከኋላዋ ያለችው ሴት በክርኗ ገፋ አድርጋት ገባች።

በአራተኛው ቀን እህት ክር የምትገዛበት ሱቅ ሄዳ ሕፃኗን ባንኮኒው ላይ አስተኝታት ወጣች። ከሁለት ቀን በኋላ መናኸሪያ ውስጥ ተገኘች። የትም ልትሄድ አልነበረም፤ ዝም ብላ ቁጭ ብላለች። የአእምሮ ሐኪሙ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ መሆኑን ተናገረ። ይታከማል፣ ትድናለች፣ ከልጇ ግን አትለዩዋት አለ። ባልና አማት አልሰሙትም፤ ሕፃኗን ለመውሰድ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጠበቃቸው ያንን ቅጽ አውጥቶ አሳየ፤ ዐሥር ጥያቄ፣ ዐሥር «የለም»።

«የገዛ እህቷ መርምራ ጤነኛ ናት ብላ ፈርማለች» አለ። «ጤነኛ ሆና ከጣለቻት ደግሞ ክፋት ነው እንጂ በሽታ አይደለም።»

ማሽኗ ለምስክርነት ተጠራች። «አልጠየቅኋትም» ብትል ሕፃኗ ከእናቷ ጋር ትቀራለች። ግን አንዱ ቅጽ ከተነሣ የሦስት ዓመቱ ሁሉ ይነሣል፤ ሥራ ሄደ፣ ጡረታ ሄደ፣ ምናልባትም እስር። ይህን ስታሰላስል ነው የሰነበተችው፤ እህቷን ግን አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አላየቻትም።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?» አሏት ዳኛዋ።

«የኔ ነው።»

«ዐሥሩንም ጥያቄ ጠይቀዋታል?»

እህቷ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሸሚዟ ጡቷ ላይ በወተት ርሷል።

«ጠይቄያታለሁ» አለች ማሽኗ። እንደ ልማዷ ፈጥና ነው የመለሰችው።

ዳኛዋ ወደ እህት ዞሩ። «እውነት ነው? ተጠይቀዋል?»

እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ማሽኗ በዚያች ሰዓት የፈራችው የእህቷን አፍ ነበር።

«ተጠይቄያለሁ» አለች እህት። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም ጥፋት የለባትም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያን ቀን አልጠራም። ሕፃኗ ለአባቷ እንድትሰጥ ተወሰነ፤ አማት ታቅፋት ስትወጣ የሕፃኗ ጩኸት ደረጃው ሥር ድረስ ይሰማ ነበር። እህት አላለቀሰችም። ደጅ ላይ የማሽኗን እጅ ይዛ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እታለም፣ ሥራሽ ተረፈልሽ?»

«ተረፈ» አለች ማሽኗ።