ከፈንግል የተረፉት የእትዬ ያልጋነሽ ዶሮዎች

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

መናኸሪያው ገና ጭጋግ ለብሷል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሁለት ጊዜ አጣርቼ፣ የክትባት ሳጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሄደው ቡሬ አጠገብ ወዳለች መንደር፣ «የኔን ዶሮዎች ፈንግል አይችላቸውም» ብለው ሳያስከትቡ ባልደረባዬን ወደ መለሱት እትዬ ያልጋነሽ ዘንድ ነው።

«ምን ይዘሃል?» አለኝ ሾፌሩ።

«የዶሮ ክትባት።»

«አዬ! የእናቴን ዶሮዎች ፈንግል በሳምንት ጥርግ አደረጋቸው እኮ። አንዲት ቄብ ብቻ ተረፈች።»

«እሷስ?»

«ለፋሲካ አረድናት።»

ሁለት ሰዓት፣ ቡሬ

ከማንኩሳ ጀምሮ በየደጁ በርበሬ ሊደርቅ ተሰጥቷል። ቡሬ የወረድሁት እያስነጠሰኝ ነው። በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ጫፍ፣ ከዚያ በበቆሎ አገዳ መሀል በእግር።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ መንደሯ

እትዬ ያልጋነሽ ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። አንዲት ዝንጉርጉር ወሰራ ዶሮ አቅፈው ተቀበሉኝ።

«ካቻምና ፈንግል ቤቴን ባዶ አደረገው። ይችንና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ብቻ፣ ታመው ዳኑልኝ። አልሸጥም፣ አላርድም አልሁና የነሱን ዘር ብቻ አስታቀፍሁ። አምና በሽታው ሲመለስ ከጫጩቶቹ ብዙዎቹ ሳይሞቱ ቆሙ። ከቆሙት ደግሞ አስታቀፍሁ።»

«ታዲያ ክትባቱ ምን ይጎዳዎታል?»

«ሁሉንም ከከተብህብኝ ጠንካራዋን ከደካማዋ በምን እለያለሁ ልጄ?»

ታሞ የዳነ ዶሮ ዳግም የማይታመመው ሰውነቱ በሽታውን ስለለመደ እንጂ ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ላይሆን እንደሚችል ነገርኋቸው። ወዲያው ግን ዘርም ድርሻ እንዳለው ትዝ አለኝ። በዚህ መሀል ጎረቤታቸው ምትኩ ገባ።

«ከሳቸው እንቁላል ወስጄ አሥር ጫጩት ወጣልኝ» አለኝ። «አምና ስድስቱ አለቁ። ጠንካራ ዘር ይኼ ነው?»

«ከኔ እንቁላል ያልወሰደው ወንድምህስ ስንት ቀሩለት?» አሉት እትዬ ያልጋነሽ።

«አንድም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሁለቱም ዳኛ አድርገው አዩኝ። ከአሥር አራት መትረፉ ብዙ ነው ጥቂት? የወንድሙ ዶሮዎች ያለቁት በዘራቸው ነው ወይስ በሽታው ስለበረታባቸው? አላውቅም። ምትኩ ግን ቆርጧል። «የኔን ከትብልኝ፤ ዘንድሮ ልጆቼ እንቁላል ይብሉበት።» ቤቱ ሄጄ በያንዳንዷ ዶሮ ዓይን የክትባት ጠብታዬን አደረግሁ።

ስመለስ እትዬ ያልጋነሽ የግማሾቹን ዶሮዎች እግር በቀይ ክር አስረው ጠበቁኝ።

«ክር ያላቸውን ከትብ። የቀሩትን ለኔና ለእግዜር ተውልን።»

«በሽታው ከመጣ የቀሩት ሊያልቁብዎት ይችላሉ፤ ለጎረቤትም ያጋባሉ።»

«አውቃለሁ። ሲያስነጥሱ ካየሁ ከግቢ አላወጣቸውም። ሁለት ዓመት የደከምሁበትን ግን በአንድ ጠብታ አታጥፋብኝ።»

 መከራከሩን ትቼ ክር ያላቸውን ከተብሁ። ስሸኝ ከወሰራዋ ልጆች የተገኘ ስምንት እንቁላል በጭድ ጠቅልለው ሰጡኝ።

አሥር ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

«ልጥበሳቸው?» አለችኝ ባለቤቴ እንቁላሎቹን አይታ።

«የለም፣ አስታቅፊያቸው።»

«ሲፈለፈሉ ትከትባቸዋለህ፣ አይደል?»

ጫማዬን ፈታሁ።

«እንጃ» አልኋት። አገር ምድሩን አስከትቡ እያልሁ ስዞር ኖሬ፣ ይህ ቃል ካፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።