ሪኮመንዴሽኑን የጻፈው ምሁር

ሀና ማርያም አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ ልጄን አዝዬ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ።

አንድ ቀን ለማስተርስ የሚያመለክት ወጣት እያለከለከ መጣ። ተራው ሲደርስ «እህቴ፣ መምህሬ ሪኮመንዴሽኑን ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ አለኝ። ምዝገባው ዛሬ ያልቃል። እኔ ፎርሙን ልሙላ፣ እሱን አንቺ ጻፊልኝ» አለ።

«ስለ አንተ ምን አውቄ?»

«እሱስ ምን ያውቃል ብለሽ ነው!»

እኔም ያየሁትን ጻፍኩ። በዚያ ጥድፊያ ወረፋውን ለነፍሰ ጡር ስለለቀቀ «ማኅበረሰቡን ከራሱ የሚያስቀድም» አልኩት። ልጄ ስታለቅስ እስክሪብቶውን ስለሰጣት ደግሞ «የማስተማር ዝንባሌ ያለው» ብዬ ጨመርኩ።

በሳምንቱ ከረባት ያሰሩ ትልቅ ሰው ወፍራም ፋይል ይዘው ገቡ። የማስተርስ አመልካቾችን የሚመርጡ መምህር ናቸው።

«ልጄ፣ በየቅጹ ላይ አስተያየት ተይቢልኝ።»

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«ደብዳቤዎቹን አንብቢና የመሰለሽን ጻፊ፤ እፈርማለሁ።»

ፋይሉን ስገልጠው ከላይ ያለው የኔው ደብዳቤ ነው።

«ደብዳቤውን የጻፈው ምሁር አመልካቹን በቅርብ ያውቀዋል። ይግባ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ፈረሙ።