ሰይድ ወደ ሐኪሞች ቦርድ የሄደ ዕለት

ይህ የገጠመኝ አምና፣ የረመዳን ፆም በተፈታ በሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ያን ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ አስታውሰዋለሁ።

ባለቤቴ ሰይድ ከመካነ ሰላም ርቆ በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። አቧራው ሳንባውን ጨርሶት ነው ወደ ቤት የተመለሰው። ከመኝታችን ተነስቶ ደጃፍ እስኪደርስ መሀል ላይ ቁጭ ይል ነበር። እኔ ሽንኩርት እየቸረቸርኩ አስታመምኩት።

ከዚያ ሕጉ ወጣ። የከሰል ድርጅቶቹ ራሳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ፣ በሥራው ምክንያት የታመመ ሠራተኛ ይካሳል ተባለ። ሰይድ በሬዲዮ ሲሰማ "እኛም ትዝ አልናቸው?" ብሎ ሳቀ። ለመካስ ግን ደሴ ሄዶ ከሐኪሞች ቦርድ ፊት መቅረብ ግድ ነው። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ብለው እነሱ ካላረጋገጡ ምንም የለም።

መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ጺሙን ተላጭቶ፣ የኢድ ልብሱን ለብሶ፣ በአፉ የሚስበውን መድኃኒት በር ላይ ደጋግሞ ስቦ ገባ። ሐኪሞቹ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰው ፊት ታሞ መታየት ያሳፍረዋል፣ ምን ላድርገው! አንዴም ስላልሳለ "ደህና ነህ፣ ሲብስብህ ተመለስ" ብለው ሸኙት።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ብልጥ ሆነ። በጠዋት ልንወጣ ስንል መድኃኒቱን ከኪሱ አውጥቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

"ዛሬስ እንደታመምኩ ይዩኝ፣ ዘይነባ" አለኝ።

እኔም ልክ ነው ብዬ በሩን ቆለፍኩ።

ሚኒባሱ አቀስታ እስኪደርስ ደህና ነበር። ከዚያ ብርዱና ጉሙ ባሰ። ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ። ትከሻዬ ላይ ተደገፈ። ቆይቶ ፉጨቱ ሲጠፋ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ አለኝ። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሼኽ ዞረው አዩትና እጁን ያዙ።

"ኢናሊላሂ" አሉ በቀስታ።

ሹፌሩ መኪናውን አቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ያያል።

"ሹፌር፣ ንዳው እንጂ። ቀጠሯችን ከሰዓት ነው" አልኩ።

ሼኹ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"ልጄ፣ እሱ አርፏል። መልሰን ካገሩ አፈር እናግባው።"

"ሼኽዬ፣ ራሱ ካልቀረበ አይሆንም ብለውናል።"

"አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" አሉኝ።

የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ ደሴ እየሄዱ ነበር። መንገዳቸውን ተዉት። ተሳፋሪው በሌላ መኪና እንዲሄድ ሹፌሩን ለምነው፣ ሰይድን ደረታቸው ላይ ደግፈው ከእኔ ጋር ተመለሱ። ሰዎች አጥበው ገነዙት፣ ተሰገደበት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ። የሼኹን ስም እንኳ አልጠየቅኩም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከቦርዱ ተደወለልኝ። ድምጿ ለስላሳ የሆነ ልጅ ናት። ሰይድ ለምን እንደቀረ ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ አመመው አልኳት። አዘነችልኝና ሌላ ቀጠሮ ልስጣችሁ ወይ አለችኝ። እሺ አልኩ።

ለምን እሺ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ሞተ ካልኳት ከእነሱ መዝገብም የሚጠፋ መሰለኝ መሰል። ካሳው ቀረ፣ በምን እንደሞተ ያየ ሐኪም የለማ። በማንም አልተናደድኩም። ሰዎች ስለ ሰይድ ሲያወሩኝ ስለ ሌላ ሴት ባል የሚያወሩ ይመስለኛል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ልጅቷ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "የደም ምርመራ ስላለው ቁርስ ሳይበላ ይምጣ" አለችኝ።

"አይበላም" አልኳት።